ሳሊግራማም የምትኖረው ድምፄ

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ልጁ መጣ። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለት ፊልም ሠርቶ በሁለተኛው ተሸልሟል። ካቲር ይባላል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ገና ሳልቀመጥ እግሬ ላይ ተደፋ። እግሬ ላይ ዳይሬክተር ከተደፋ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚመጡት የጉልበት ቅባት ይዤ ፎቶ እንድነሳላቸው የሚለምኑኝ የማስታወቂያ ሰዎች ናቸው።

ያመጣልኝ በአዲሱ ፊልሙ ውስጥ ዋናውን ቦታ ነው። የጀግናው እናት አይደለሁም፣ አክስቱም አይደለሁም። ልጇ ከቤቷ ያስወጣት አሮጊት ነኝ፤ ልጄን ፍርድ ቤት ገትሬ አራት ደቂቃ ሙሉ ሳላቋርጥ የምናገር። በሰባ አንድ ዓመቴ! ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ቡናውን ከኩባያው ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ ኩባያው ስገለብጥ በረዶ ሆነ።

ከዚያ ዋናውን ነገር አመጣው። ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ገብተን አንጨምርም፣ እዚያው ሲናገሩ ነው የምቀዳው አለ።

«አማ፣ እናቴ ስትሞት ዓይኗ አያይም ነበር» አለኝ፤ እናት እንደማለት በአክብሮት አማ ይለኛል። «እርስዎ የጨው ሠራተኛ የሆኑበትን ፊልም በስልኬ ከፍቼ ጆሮዋ ሥር አደረግኩላት። የእርስዎን ድምፅ እየሰማች ነው ያረፈችው። እኔ የምፈልገው ያንን ድምፅ ነው።»

ጉንፋን ይዞኝ በሹክሹክታ ነበር የማወራው። ራሴን ነቀነቅሁለት።

ለገዛ ደብተሬ ምን እዋሻለሁ? ያ ድምፅ የእኔ አይደለም። ከሠራሁት ስድሳ አራት ፊልም አንዱም ላይ የእኔ ድምፅ የለም። የአላሜሉ ነው። ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ።

ኦክቶበር 11

አልነገርኩትም። ጉንፋኑ አለቀቀኝም።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ

ፈረምኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ። ብዕሩን ሲሰጠኝ እጄ ራሱ ሄደ።

ኩፑስዋሚ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ፊቴን መቀባት የጀመረው የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለሁ ነው፤ የማያውቀው መጨማደድ የለኝም። ልጁ ከወጣ በኋላ ብሩሾቹን ሲያጥብ ቆየና «ለመሆኑ ይሄ ጉንፋን እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። ሥራ እኮ የለኝም አለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት።

ከቴናሊ በአሥራ ሰባት ዓመቴ እዚህ ቼናይ ስመጣ የማውቀው ቴሉጉ ብቻ ነበር። ታሚል ተማርኩ፣ ሃምሳ አራት ዓመት ተጣላሁበት፣ አለቀስኩበት፣ በአትክልት ገበያ ተከራከርኩበት። የቴሉጉ ምላሴ ግን እምቢ አለ። የቃሉ መጨረሻ ላይ ጭራ እቀጥላለሁ። ዝናብ በሚለው ቃላቸው ውስጥ ምላሳቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለው የሚያወጧት ድምፅ አለች፤ ለእኔ አትወጣም። ዛሬ መስተዋት ፊት ቆሜ ስሞክር የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ።

ድሮ ይሄ ችግር አልነበረም። ፊልሙ ያለ ድምፅ ይነሳል። እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ከወር በኋላ አላሜሉ ጨለማ ክፍል ገብታ በመጋረጃው ላይ ከንፈሬን እያየች ትናገርልኛለች። ስሟ የትም አይጻፍም። የሁሉም እንዲያ ነበር፣ የእኔ ብቻ አይደለም።

ሰርግ ቤት ስሄድ ያቺን የጨው ሠራተኛዋን ንግግር በይልን ይሉኛል፣ «ሂድ፤ በሩን ግን አልዘጋውም» የሚለውን። ጉሮሮዬን አሞኛል እላለሁ። እነሆ አርባ ዓመት ጉሮሮዬን ያመኛል። ቃለ መጠይቅም አልሰጥም፤ ጋዜጠኞቹ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ ዝምተኛ ይሉኛል። ዝምታዬን አመስግነው የጻፉትን ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ይሄንንም ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የማደርገው።

ኦክቶበር 17

የፊልሙ ጽሑፍ የመጀመሪያ ንባብ። ሌሎቹ እየተናገሩ እኔ በሹክሹክታ አነበብኩ። ድምፄን ለቀረጻው ላስቀምጥ ብዬ። ካቲር ተንከባከበኝ፣ ሙቅ ውኃ አስመጣልኝ።

ስወጣ የድምፅ ባለሙያዋ ልጅ በረንዳው ላይ ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማሁ። አሮጊቷ አንድ ነገር አላት፣ ሹክሹክታዋ የታሚል ሰው ሹክሹክታ አይደለም አለች። ጆሮ ያላት ልጅ ናት። ጠላኋት።

አንድ ነገር አሰብኩ። ያንን ድምፅ የሠራችው ሴት በሕይወት አለች። ታስተምረኝ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ሳሊግራማም፣ አላሜሉ ቤት ሄድኩ። ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልሄድኩም።

ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ የዲፓቫሊ በዓልም ዋዜማ ነውና ትሪ አሰናዳሁ። ሙዝ፣ የሚታኘከው ቅጠል፣ የጃስሚን ጉንጉን፣ ለግንባሯ ቀይ ዱቄት በብር ዕቃ። በሩን ራሷ ከፈተችው። ግንባሯ ባዶ ነው። ፀጉሯ ላይ አበባ የለም። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ኖሯል።

ባል ለሞተባት ሴት የማይሰጠውን አበባና ቀይ ዱቄት ይዤ ደጃፏ ላይ ተገተርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ሰው ነግሮኝ ይሆን? አልነገረኝም። አልጠየቅሁማ። እሷ ግን ፊቷን እንኳን አላጠቆረችም። ትሪውን ከእጄ ተቀብላ «ለምራቴ ይሆናታል፣ እኔንም ገና አልረሱኝም ማለት ነው» አለችኝና አስገባችኝ።

ድምፁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከሰባ አራት ዓመት አሮጊት አፍ የእኔ የሃያ ዓመት ድምፅ ወጣ። ፀጉሬ ቆመ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ብዙ አልሳቀችም። ማክሰኞና ዓርብ ምራቴ ሥራ ስትሄድ ይምጡ አለች።

ኦክቶበር 20

ዲፓቫሊ፣ የመብራት በዓላችን። ርችቱ ጆሮ ያደነቁራል። ኩፑስዋሚ ከነልጅ ልጆቹ መጣና ጣፋጭ በላን። አላሜሉ ቤት ሄድኩ ስለው ደህና ናት ወይ ብቻ አለ። ባሏ መሞቱን ያውቅ ነበር። ቀብሩም ላይ ነበር።

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ

አራተኛ ትምህርት። ድምፅሽ ከጉሮሮሽ ነው የሚወጣው፣ ከሆድሽ አምጪው ትለኛለች። አሁን አንቺ ብላኛለች፤ እኔም አካ እላታለሁ፣ ታላቄ ናትና። ጣቷን ጎኔ ላይ ጭና ትንፋሼን ትቆጥራለች።

ገላዬን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስታለቅሺ ግራ ዓይንሽ ቀድሞ ይጨፈናል አለችኝ። ለመዋሸት ስትዘጋጂ የላይኛው ከንፈርሽ ይሸበሸባል። በሦስተኛው ፊልምሽ ላይ ጥርስሽን ያምሽ ነበር፣ አይደል? አዎ፣ ያመኝ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። «እንዴት አወቅሽ?» ብላት «ግራውን መንጋጋሽን ስትሸሺው ቃሉን ማሳጠር ነበረብኝ» አለች።

እኔ ስለ እሷ ምን አውቃለሁ? ሩዝ በእርጎ እንደምትወድ። ያንንም ዛሬ ስትበላ አይቼ ነው።

ኖቬምበር 7

ዛሬ ዝናብ የሚለውን ቃል አወጣሁት! ሁለቴ። አላሜሉ አጨበጨበች። ምራቷ ከሥራ ስትገባ በር ላይ ሰምታን፣ እናቴ ሁለት ሆነሻል ወይ ብላ ሳቀች። ልቤ ሞላ። ሊሆን ይችላል አልኩ።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

ሻይ ስንጠጣ ድንገት ስለ ጨው ሠራተኛዋ ፊልም አነሳን። ያንን ፊልም ስትሠሪ ስምሽን ሊጽፉልሽ አልነበረም ወይ አልኳት። ለምን ጠየቅኋት? ዝም ብዬ ሻዬን አልጠጣም?

ፕሮዲዩሰሩን ጠይቄው ነበር አለች፣ አንድ መስመር፣ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ቀረ። እነዚያ ሰዎች እንዲያ ነበሩ አልኳት። አዎ፣ እንዲያ ነበሩ አለች። ከንፈሬን ነው የምታየው።

ኖቬምበር 15

ማዕበል መጣ ብለው ትምህርት ቤት ዘግተዋል። መንገዱ ባሕር ሆኗል፤ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ሁለት ቀን ቤት ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ለአላሜሉ ያልነገርኳት ነገር አለ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የጨው ሠራተኛዋ ፊልም አልቆ ድምፁ ሲቀናበር ፕሮዲዩሰሩ መቆጣጠሪያው ክፍል ጠራኝ። አላሜሉ ስሟ እንዲጻፍ ትለምናለች፣ እኔ ግድ የለኝም፣ አንቺ ምን ትያለሽ አለኝ። የሰውየው ፊት አሁን ድረስ ይታየኛል፤ እውነትም ግድ አልነበረውም። አንዲት አዎ ትበቃ ነበር።

«እሷ ከተጻፈች እኔ ማን ልሆን ነው?» አልኩ።

በዚያ ፊልም ትልቁን ሽልማት ወሰድኩ። መድረኩ ላይ ምስጋናዬን በምልክት አቀረብኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፤ ሕዝቡ ለትሕትናዬ ቆሞ አጨበጨበ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እኔን አርባ ዓመት አድምቆኛል።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። ሩዙን አቅርባ ገና አንድ ጉርሻ ሳልጎርስ። ቀረ ያልሽው አልቀረም፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት አልኳት። ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ማን ነገረሽ አልኩ።

«ማንም። ያኔ ጨለማው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እናንተ ያላችሁበት ክፍል ማይክ ክፍት ነበር፤ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው። ያልሽውን በራስሽ ድምፅ ሰማሁት። መጀመሪያ ጊዜ ድምፅሽን የሰማሁት ያን ቀን ነው።»

እጄ ሩዙ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዘጠኝ ፊልም ሠርታልኛለች። ለምን? አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ሁለት ልጆች ነበሩኝ አለች። ደግሞ «ሌላ ሴት በአፍሽ እንድትናገር አልፈለግሁም። ቀናሁ። ብይ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ተቆጥታ ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

ቀረጻው ተጀመረ። ለመልካም ጅምር ካምፎሩ ተለኮሰ፣ ዱባው ተፈረከሰ፣ ሁሉም አጨበጨበ። በፍርድ ቤቱ ንግግር ነው የጀመረው፤ ካቲር ከባዱን አስቀድሞ መገላገል ይወዳል። ሥዕል የመሰለ ፍርድ ቤት ሠርተዋል፤ አግዳሚው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ አጃቢ ተዋንያን ተቀምጠዋል።

ተናገርኩ። ከሆዴ አምጥቼ፣ ጭራውን ቆርጬ፣ አላሜሉ እንዳስተማረችኝ። ካቲር አስቆመ። መጥቶ ጆሮዬ ሥር ተጠጋና ሰው እንዳይሰማ አድርጎ «አማ፣ እርስዎን የሚያስመስል ሰው ይመስላሉ። እባክዎ፣ እንደ ራስዎ ይናገሩ» አለኝ።

እንደ ራስዎ።

እንግዲህ ከምን እሸሻለሁ? እንደ ራሴ ተናገርኩ። በሃምሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት በቴናሊ አፌ። አጃቢዎቹ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው፤ ከኋላ አንዲት ሴት ኪኪኪ አለች፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ያቺ የድምፅ ባለሙያ ልጅ ብቻ አልሳቀችም።

እዚያው ቆሜ ድምፁ የእኔ እንዳልሆነ ለካቲር ነገርኩት። ሁሉም እየሰማ።  ልጁ «ታዲያ እናቴ ያረፈችው የማንን ድምፅ እየሰማች ነው?» አለ።

ስሟንና ቤቷን ነገርኩት። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ኖቬምበር 26

ካቲር አልደወለም።

ኖቬምበር 27

ስልክ የለም። ኩፑስዋሚ ፀጉሬን ቀባኝና ሄደ። 

ኖቬምበር 29፣ ቅዳሜ

ካቲር መጣ። እግሬ ላይ አልተደፋም፣ ግን ጫማውን አውልቋል።

አላሜሉ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሷል። ንግግሩን አስነብቧታል። የመጀመሪያው ቀን መስማት አቅቶት ወጥቶ ደረጃው ላይ ማልቀሱን ራሱ ነገረኝ። ከዚያ ያሰብኩትን ተናገረ። በእኔ ፊት ላይ የእሷን ድምፅ መደረብ አልፈልግም፣ ያ ድሮ ነው አለ። ቦታውን ለእሷ ልሰጥ ነው፣ እርስዎን ለመጠየቅ ሳይሆን ለመንገር ነው የመጣሁት አለ።

ጥሩ አድርገሃል አልኩት። በትልቅ ሴት ወግ አልኩት።

ሲወጣ በሩን ዘግቼ ቀናሁ። ይጻፍ፤ ቀናሁ። አንድ ጊዜ ካሜራ ፊት ቆማ የማታውቅ ሴት! ፊቷ ምን አለው? ቦታው የእኔ ነበር፣ እሱ ነው ያመጣልኝ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ። ትራሴን ነከስኩ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ እንደገና ቀናሁ።

ዲሴምበር 2

አላሜሉ ደወለች። ልብሱን ለክተውኛል፣ ቀረጻው ሐሙስ ነው፣ ነይ አለችኝ። ጉልበቴን አሞኛል አልኳት። የላይኛው ከንፈርሽ ተሸብሽቧል አለች፣ በስልክ። ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። አልሄድም።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ወንበር ሰጥተውኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። አላሜሉ በግራጫ የጥጥ ሳሪ የምስክር መቆሚያው ሳጥን ውስጥ ቆማለች። ኩፑስዋሚ ቀባብቷት ያምርባታል፣ አላመሰገንኩትም። ካቲር ጀምሩ አለ። አላሜሉ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ ጊዜ የጀመረችው አረፍተ ነገር መሀል ላይ ቆመ። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ስምንተኛ። አጃቢዎቹ ሰዓት ያያሉ። ካቲር ጥፍሩን ይበላል። የዚህኛው ፊልም ፕሮዲዩሰር ከጎኔ መጥቶ፣ አማ፣ ሌላ ተዋናይት እንፈልጋለን መሰል አለኝ። ይህን ስሰማ ሆዴ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ደስ አለው። እሱንም ልጻፈው።

ምሳ ላይ መኪናው ውስጥ አብረን ተቀመጥን። ሩዟን አልነካችም። 

«የማየው ነገር አጣሁ» አለችኝ። «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስናገር የማየው ነገር ነበር። አሁን አንድ ጥቁር የካሜራ መነጽርና የማላውቀው ሰው ነው ፊቴ ያለው። ባዶ ነው። ከባዶ ላይ እንዴት ይነገራል?»

ምን ታዪ ነበር ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት መልሱ መጣልኝ።

ካቲርን አልጠየቅሁም። ከምሳ በኋላ ከካሜራው ጎን፣ መነጽሩ አጠገብ ማለት ይቻላል፣ ሄጄ ቆምኩ። የዓይን መነጽሬን አወለቅሁ። ረዳቱ ሊያስነሳኝ ሲል ካቲር እጁን አነሳበት። ንግግሩን ሁለት ወር ሳጠና ስለቆየሁ ከልቤ አውቀዋለሁ። ጀምሩ ሲባል ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ ብቻ ተናገርኩ። ልጄ ያባረረኝ ያህል፣ ቤቴን የነጠቀኝ ያህል፣ የማውቀውን ሁሉ ፊቴ ላይ አወጣሁት።

አላሜሉ አየችኝ። ተናገረች።

ስተነፍስ ተነፈሰች። «ይህችን ደፍ እኔ ነኝ የጠረብኳት» የሚለው ጋ ቀስ ስል ቀስ አለች። ግራ ዓይኔ ሲጨፈን ድምፅዋ ተሰበረ። እጆቿ ከሳጥኑ ጠርዝ ላይ ራሳቸው ቦታ አገኙ፤ የእኔም እጆች እንደዚያው ሆነው ነበር ማለት ነው፣ አላየሁም። አራት ደቂቃ። ካቲር ማስቆሙን ረስቶ ከጨረስን በኋላም ካሜራው ሲሄድ ነበር።

አንድ ሰው እንኳን ወደ እኔ አልዞረም። ሁሉም የሚያየው እሷን ነው።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ጠዋት ካቲር ደወለ። የቀረውንም እንዲሁ እንሥራ፣ እስከ መጨረሻው ከካሜራው ጎን ይቁሙልን አለ። እሺ አልኩ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የሠራተኞች ስም ዝርዝር እያዘጋጀን ነው፣ እርስዎ የሠሩት ሥራ ስም የለውም፣ ምን ብለን እንደምናስገባዎት አላወቅንም አለ።

«ስምዎ ቢቀር ይከፋዎታል? ዝምታ እንደሚወዱ አገር ያውቃል» አለኝ።

ስሜ ይቅር ማለት ነበረብኝ። ያምር ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ ከአላሜሉም ጋር እንተካከል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አስገባው» አልኩት። «ከእሷ ሥር ይሁን፣ በትንሹም ይጻፍ፣ ግን አስገባው። አንድ መስመር ነው።»

እሺ አማ አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጄ ላይ ይዤው ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ያኔ አላሜሉ የለመነችው ይህንኑ አንድ መስመር ነበር።